«መጽሐፉ አለ ወይ?»፦ የአጥቢያ ቤተ መጻሕፍትን ካታሎግ በትንሽ ወጪ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት

በቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት የሚያገለግል ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው ጥያቄ «እንዲህ የሚባለው መጽሐፍ አለ ወይ?» የሚል ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመዝገብ ላይ ሳይሆን በአንድ አገልጋይ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያ ሰው የታመመ ዕለት ቤተ መጻሕፍቱ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ይዘጋል። ካታሎጉ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ይህ መልስ በእያንዳንዱ ምእመን ስልክ ላይ እንዲገኝ ነው።

ሥራውን የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነበር፤ ፕሮግራም ሳወዳድር ወራት አለፉ፣ አንድም መጽሐፍ ግን አልመዘገብኩም። አሁን የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው፦ ፕሮግራሙ የመጨረሻው ውሳኔ ይሁን። በጥንቃቄ የተሞላ ሰንጠረዥ ካለዎት ዛሬ በአንድ ነጻ አገልግሎት ላይ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በሌላ ላይ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። የተዝረከረከውን ግን የቱንም ያህል ውድ ፕሮግራም አያጸዳውም። ገንዘብም ጉልበትም የሚባክነው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ በመሥራት ነው።

ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው፤ በመጥረጊያም በፍርድም። የቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው በስጦታ ነው። ሰው ቤቱን ሲያጸዳ የተረፈውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፦ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ፣ ምስጥ የበላው መዝገበ ቃላት፣ ከአንድ መጽሔት ሰባተኛው ቁጥር ብቻ። እያንዳንዱን መጽሐፍ ለመመዝገብ ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ፤ ማንም ለማይዋሰው መጽሐፍ አያውጧቸው። ምን እንደሚወገድ ግን ብቻዎን አይወስኑ። የሰጪው ቤተሰብ ነገ ደጃፍ ላይ ያገኝዎታል። ዝርዝሩን ለሚመለከተው ኮሚቴ አቅርበው ያስወስኑ።

ቀጥሎ ሥራውን ይለኩት። ከመደርደሪያው የተለያየ ቦታ 20 መጻሕፍት ያንሱና ሰዓት ይዘው ይመዝግቡ። አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ ሁለት ሰዎች 20ውን በአንድ ሰዓት ቢጨርሱ፣ 800 መጻሕፍት 40 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከተሠራ 20 ሳምንት ማለት ነው። ይህን ቁጥር አስቀድመው ለኮሚቴው ከነገሩ በሦስተኛው ሳምንት «ገና አላለቀም?» የሚልዎት አይኖርም። ደግሞም ለሙከራ ቀላል ቀላሎቹን አይምረጡ። ሽፋኑ የጠፋ፣ ባለ ሦስት ቅጽ፣ በሁለት ሰዎች የተጻፈ፣ በሁለት ቋንቋ የታተመ፣ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር የተመለከተ መጽሐፍ ይኑርበት። ሰንጠረዡ ላይ የረሱትን ዓምድ የሚያሳዩዎት እነዚህ አስቸጋሪዎቹ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ይፈጸም። ለቤተ መጻሕፍቱ ብቻ የሚያገለግል የኢሜይል አድራሻ ይክፈቱና ወደፊት የሚመዘገቡበት አገልግሎት ሁሉ በዚያ አድራሻ ይሁን። የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይወቁት፤ በወረቀት ተጽፎም ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ዝርዝር የተሠራው በአንድ ወጣት የግል አድራሻ ነበር። ልጁ ለትምህርት ሄደ፣ ስልክ ቁጥሩ ተቀየረ፣ አድራሻው አልከፈት አለ፤ እኛም እንደገና ከመደርደሪያው ጀመርን። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ አስቀድመን ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ቁጥር የሚሰጠው ለቅጂ ነው

የአንድ መጽሐፍ ሦስት ቅጂዎች ካሉ ሦስት ቁጥር ይሰጣቸው። የሚዋሰው፣ የሚቀደደውና የሚጠፋው አንዱ ቅጂ ነውና። ቁጥሩ ተራ ይሁን፦ 0001፣ 0002፣ 0003። በቁጥሩ ውስጥ የመደርደሪያውን ስም፣ የመጽሐፉን ዓይነት፣ የሰጪውን መነሻ ፊደል ለማስገባት መፈተን ያለ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር መደርደሪያው በተዛወረ ማግስት ውሸት ይሆናል። ተራ ቁጥር ግን ምንም ስለማይናገር አይዋሽም።

ቁጥሩን በርእሱ ገጽ ጀርባ በእርሳስ ይጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደሚቀጥለው ገጽ ይዘልቃል። መጽሐፉ ሲቆም በሚታየው ጎኑ ላይ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍ። ተራው ግልጽ ፕላስተር ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ይላጣል፣ ሙጫው ግን ሽፋኑ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ለዚሁ የተሠራ ተለጣፊ ወረቀት መግዛት ከሚያስቆጩ ወጪዎች አይደለም። የራስዎን ባርኮድ አሳትሞ በየመጽሐፉ መለጠፍስ? መጽሐፎቹ በሺዎች ካልተቆጠሩና ተዋሹ ተሰልፎ የማይጠብቅ ከሆነ አያስፈልግም።

ሰንጠረዡ

ኤክሴል፣ በነጻ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ወይም ጉግል ሺትስ፣ ማንኛቸውም ይሆናሉ። ሁለት ሦስት ሰዎች በየቤታቸው የሚመዘግቡ ከሆነ ጉግል ሺትስ ይመረጣል፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ላይ ስለሚሠሩ «የእኔ ነው የመጨረሻው፣ የአንተ ነው የመጨረሻው» የሚባል ክርክር ይቀራል።

ዓምዶቹ እነዚህ ቢሆኑ ይበቃል፦ የቅጂ ቁጥር፣ ርእስ፣ ንዑስ ርእስ፣ ጸሐፊ፣ የጸሐፊው ማዕረግ፣ ተርጓሚ ወይም አዘጋጅ፣ ቅጽ፣ አሳታሚ፣ የኅትመት ዓመት፣ ቋንቋ፣ አይኤስቢኤን (የታተመ መጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር)፣ መደብ (የመጽሐፉ ዓይነት)፣ ርእሰ ጉዳይ፣ ሌላ አጻጻፍ፣ ቦታ፣ ማስታወሻ። ዋናው ሕግ አንድ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ የሚለው ነው። ጸሐፊውንና ተርጓሚውን በአንድ ሣጥን ውስጥ ማጎር ዛሬ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ በኋላ ግን የሚለያቸው ሰው ያስፈልጋል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄንሪየት አቭራም የምትመራው ቡድን ማርክ የተባለውን የካታሎግ ቅርጽ አወጣ፤ ዛሬም ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚነጋገሩት በዚሁ ነው። በማርክ እያንዳንዱ መረጃ መስክ የሚባል ባለ ቁጥር ቦታ አለው፤ ጸሐፊው በመስክ 100፣ ርእሱ በ245፣ አይኤስቢኤኑ በ020 ይቀመጣል። እርስዎ እነዚህን ቁጥሮች መሸምደድ የለብዎትም። የእርስዎ ዓምዶች አንድ አንድ ነገር ብቻ ከያዙ ግን፣ ቤተ መጻሕፍቱ አድጎ ወደ ትልቅ ፕሮግራም ሲዛወር እያንዳንዱ ዓምድ ወደ መስኩ ይገባል፤ ማንም እንደገና አይጽፈውም።

መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት የቅጂ ቁጥሩንና የአይኤስቢኤኑን ዓምድ ወደ «ጽሑፍ» ይቀይሯቸው። አለበለዚያ ሰንጠረዡ ቁጥር መስሎት 0007ን 7 ያደርገዋል፤ ባለ 13 አኃዙን አይኤስቢኤንም ኤክሴል በነጥብና በላቲን ፊደል አሳጥሮ ያሳየዋል። ቋንቋ፣ መደብና ቦታ ደግሞ በእጅ አይጻፉ፤ ከተቆልቋይ ዝርዝር ይመረጡ። ይህ ካልሆነ አንዱ «አማርኛ»፣ ሌላው «አማ.»፣ ሦስተኛው «በአማርኛ» ብሎ ይጽፍና ሦስት ቋንቋዎች ያሉዎት ይመስላል።

ምዝገባው

ርእሱን ከሽፋኑ አይቅዱ፤ ከውስጠኛው የርእስ ገጽ ይውሰዱ። ሽፋን ለገበያ ይሠራል፤ ቃላት ያሳጥራል፣ ያስውባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሌላ ርእስ ይሰጣል። ሁለቱ ከተለያዩ የሽፋኑ ርእስ በማስታወሻ ይግባ፤ ተዋሹ የሚያስታውሰው እርሱን ሊሆን ይችላልና።

አይኤስቢኤን ያላቸው መጻሕፍት ሥራውን ያቀሉታል። ይህ መለያ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 10 አኃዝ ነበር፤ ከጥር 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 13 ሆኖ በ978 ወይም በ979 ይጀምራል። የባርኮድ ማንበቢያ መግዛት አያስፈልግም፤ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ነገር ግን የተነበበው ቁጥር በ978 ወይም በ979 ካልጀመረ የሱቅ የዋጋ ተለጣፊ አንብበው ይሆናልና ይመልከቱት። ቁጥሩን በኦፕን ላይብረሪ (በኢንተርኔት ላይ ባለ ነጻ የመጻሕፍት ካታሎግ) ወይም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ሲጽፉ ርእሱ፣ ጸሐፊውና አሳታሚው ያለ ክፍያ ይመጡልዎታል። የመጣውን ሁሉ ግን አይመኑ፤ መጽሐፉን በእጅዎ ይዘው እትሙንና ዓመቱን ያመሳክሩ።

ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት፣ በተለይ የቆዩት፣ ይህ ቁጥር የላቸውም። በውጭ ካታሎግ ቢገኙም ርእሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል፣ ከላይና ከታች ምልክት በተደረገበት አጻጻፍ የተመዘገበ ነው፤ ይህ ለተመራማሪ እንጂ ለሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ አይመችም። እነዚህን ለመገልበጥ ሲሞክሩ ከሚያጠፉት ጊዜ በቀጥታ መጻፉ ይፈጥናል።

የፊደላችን ጣጣ

እስካሁን ያልኩት ለየትኛውም ቋንቋ ይሠራል። የአማርኛ ካታሎግን የሚያሳምመው ግን እዚህ ላይ ያለው ነው፤ በሌላ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ስለማይነግሩን ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው ቅርጽ ነው። ለእኛ «ጸሎት» እና «ፀሎት» አንድ ቃል ናቸው፤ ለእርሱ ግን የበግና የፍየል ያህል ይለያያሉ። «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል ብቻ እንውሰድ። መካከሉ በጽ ወይም በፅ፣ ቀጥሎ ያለው በሐ፣ በሓ፣ በሀ፣ በሃ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ሲባዛ 12 ዓይነት ይሆናል። ሁሉም ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ምእመኑ በስልኩ የሚጽፈው ግን ከ12ቱ አንዱን ነው፤ የትኛውን እንደሆነ እርስዎ አያውቁም። ፈልጎ ያጣ ሰው ደግሞ «የለም» ብሎ ይሄዳል እንጂ «እስቲ በሐመሩ ሐ ልሞክር» አይልም።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ርእሱ በርእሱ ገጽ ላይ እንደታተመ ይጻፍ፤ ስሕተት ቢመስልዎትም አያርሙት። ቃላቱ በሁለት ነጥብ የተለያዩበት የቆየ መጽሐፍ ከሆነ ብቻ በሁለት ነጥቡ ፈንታ ክፍት ቦታ ያድርጉ። ከዚያ «ሌላ አጻጻፍ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ሰው ሊጽፋቸው የሚችላቸውን ሌሎች ቅርጾች ይጨምሩ። ሥራው የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ በመንፈሳዊ መጻሕፍት ርእስ ላይ የሚመላለሱት ቃላት ጥቂት ናቸውና። ጸሎት፣ መጽሐፍ፣ ሃይማኖት፣ ሥርዓት፣ ኃጢአት፣ ትንሣኤ፣ ጽድቅ፣ ሥላሴ፣ ሐዋርያት፣ ዓለም እያሉ ሠላሳ ያህሉን ከነቅርጾቻቸው በአንድ ገጽ ላይ ያዘጋጁና እየገለበጡ ይለጥፉ። ለምሳሌ ለ«ሥርዓት» ስርዓት፣ ስርአት፣ ሥርአት ይገባሉ።

ቀመር መጻፍ የሚችል ሰው ካለ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ የመፈለጊያ ዓምድ ሊሠራ ይችላል። ሰባቱንም ቅርጾች እንዳይረሳ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣንም ወደ አ መመለስ እንደዚሁ። ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ ፈላጊው የሚጽፈው ቃልም በዚያው ቀመር ማለፍ አለበት። ካታሎጉ ሁሉ በጸ ተስተካክሎ ሰውየው በፀ ቢጽፍ ያው ባዶ ነው የሚያገኘው። የመፈለጊያ ሣጥኑን ራሳችሁ ካልሠራችሁት በስተቀር በእጅ የተሞላው «ሌላ አጻጻፍ» ይበልጥ ያስተማምናል።

ሁለተኛው ጣጣ የመነሻ ፊደሎች ናቸው። ብዙ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራሞች የሚፈልጉት ሙሉ ቃልን ወይም የቃልን መጀመሪያ ነው። እኛ ደግሞ የ፣ በ፣ ለ፣ ከን ከቃሉ ፊት እንለጥፋለን። ስለዚህ «ጸሎት» ብሎ የፈለገ ሰው «የጸሎት» ወይም «ስለጸሎት» ተብሎ የተጻፈውን ርእስ ላያገኝ ነው። ርእሰ ጉዳይ በሚለው ዓምድ ውስጥ ዋናዎቹን ቃላት ያለ ምንም ቅጥያ፣ ባዶአቸውን ያስቀምጡ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፦ የተራ ሰንጠረዥ «ፈልግ» ትእዛዝ ፊደሎቹን በቃሉ መካከልም ቢሆን ስለሚያገኝ፣ ለአማርኛ ከአንዳንድ ትልልቅ ፕሮግራሞች ይሻላል።

በፊደል ተራ ሲደረደርም ግራ እንዳይገባዎት። ቅደም ተከተሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ስለሚሄድ «ሃይማኖት» ከላይ፣ «ሐዋርያት» ከለ ቀጥሎ፣ «ኃይል» ደግሞ እጅግ ወርዶ ከቸ በኋላ ከነ በፊት ይገኛል። ተበላሽቶ አይደለም፤ የፊደል ገበታው ራሱ እንዲህ ነው።

ስለ ጸሐፊ ስም ጥቂት ልበል። የውጭ አሠራር የቤተሰብ ስምን ያስቀድማል፤ የእኛ ጸሐፊዎች ግን በራሳቸው ስም ይመዝገቡ፣ የአባት ስም ይከተል። ዓለም አቀፍ ቤተ መጻሕፍትም የኢትዮጵያ ስሞችን የሚይዙት እንዲሁ ነው። ማዕረግ በራሱ ዓምድ ይግባ፤ ካልሆነ ግማሹ ቤተ መጻሕፍት «ቄስ»፣ «አባ»፣ «መጋቢ» እና «ዶክተር» በሚሉ ቃላት ስር ይሰለፋል። ከባዶቹ የጥንት አባቶች ስሞች ናቸው፦ አንዱ ተርጓሚ «አውግስጢኖስ» ሲል ሌላው «ኦገስቲን» ይላል፤ «ዮሐንስ አፈ ወርቅ» በሌላ መጽሐፍ «ክሪሶስቶም» ሆኖ ይመጣል። አንዱን ይምረጡ፣ የመረጡትን በተለየ ገጽ ይመዝግቡ፣ ሌላውን ስም «ሌላ አጻጻፍ» ውስጥ ያስገቡ።

ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ከተጻፈ በተለመደው አኃዝ ይመዝገብ፤ ፲፱፻፷፰ 1968 ይባላል። ከዚያ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው አይቅር። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ፣ የታተመበት ወር ያልተገለጸውን መጽሐፍ ወደ ሌላው አቆጣጠር ለመመለስ አይሞክሩ።

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት እንዲያውቁ በሚያደርገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ በልዩ ልዩ የፊደል ፕሮግራሞች ይሠራ ነበር። ቀድሞ የተተየበ የመጻሕፍት ዝርዝር ካገኙና ሲከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ካሳየዎት ያ ነው ምክንያቱ። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ እንደገና ይጻፉት፤ ረጅም ከሆነ ብቻ መለወጫ ፕሮግራም ይፈልጉ።

የሲኤስቪ ፋይል (ሰንጠረዡን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) ስታስቀምጡም ዩቲኤፍ-8 የሚለውን፣ የግእዝ ፊደልን የሚጠብቀውን የዩኒኮድ ምርጫ አትለፉ። አንድ ጊዜ ከኤክሴል በተራው ሲኤስቪ አስቀምጬ ዋናውን ፋይል ዘግቼ ሄድኩ፤ ሲከፈት 300 ረድፍ ሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ጠበቀኝ። የጥያቄ ምልክቱ ወደ ፊደል አይመለስም።

መደብ

ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዐሥርዮሽ አመዳደብ ሃይማኖትን በ200 ያስቀምጣል፦ 220 መጽሐፍ ቅዱስ፣ 230 ትምህርተ ሃይማኖት፣ 240 መንፈሳዊ ሕይወትና ሥነ ምግባር፣ 264 ሥርዓተ አምልኮ፣ 266 ስብከተ ወንጌልና ተልእኮ፣ 268 መንፈሳዊ ትምህርት፣ 270 የቤተ ክርስቲያን ታሪክ። ለቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት ችግሩ መጽሐፉ ሁሉ ማለት ይቻላል በ200 ውስጥ መውደቁ ነው። ለመለየት ከነጥብ በኋላ አኃዝ እየጨመሩ መሄድ ይመጣል፤ ቁጥሩ ይረዝማል፣ መልሶ የሚያስቀምጠው ወጣት ይሳሳታል። ከ1,000 መጻሕፍት በታች ከሆናችሁ ባለ ሦስት አኃዙን ብቻ ከአንድ ቀለም ጋር ይጠቀሙ፤ ለምሳሌ 220 ሰማያዊ፣ 270 ቡናማ። ልጆችም ቀለም አይተው ይመልሳሉ።

ኢንተርኔት ላይ ማውጣት

አሁን ፕሮግራም የመምረጡ ጊዜ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ፤ እኔ የምመክረው እንደ መጽሐፉ ብዛትና እንደ ሰው ኃይላችሁ ነው።

በጣም ርካሹ ሰንጠረዡን ራሱን ለሕዝብ መክፈት ነው። የሥራ ፋይሉን ግን አይክፈቱ። ሌላ ፋይል ይፍጠሩና ሕዝብ ሊያያቸው የሚገቡትን ዓምዶች ብቻ ወደዚያ ይቅዱ፤ ከዚያ «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» በሚለው ፈቃድ ያጋሩት። ማረም የሚያስችለውን ፈቃድ በስሕተት ከሰጡ አንድ ሕፃን በአባቱ ስልክ ካታሎጋችሁን ሊያጠፋው ይችላል። የማይፈለጉ ዓምዶችን በሥራ ፋይሉ ላይ ደብቆ ማጋራትም አያዋጣም፤ የተደበቀ ዓምድ ፋይሉን ለቀዳ ሰው ይገለጣል። ይህ መንገድ ለጥቂት መቶ መጻሕፍት በሚገባ ይሠራል። ሺህን ሲያልፍ በስልክ ላይ ማንበቡ ያደክማል።

ሁለተኛው ላይብረሪ ቲንግ የተባለው፣ መጻሕፍት የሚመዘገቡበት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጻሕፍትን ለመመዝገብ ክፍያ አይጠይቅም። የአይኤስቢኤን ዝርዝራችሁን ሲቀበል የመጻሕፍቱን መረጃና ብዙውን ጊዜ የሽፋኑን ምስል ይዞ ይመጣል፤ ቁጥር የሌላቸውን በእጅ ታስገባላችሁ። ከእርሱ ጋር የተያያዘው ታይኒ ካት እስከ 20,000 ንብረት ላላቸው አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀ ነው፤ ለአንባቢ የሚመች የመፈለጊያ ገጽና የማዋሻ መዝገብ አለው፤ ድርጅቶችን ግን ያስከፍላል። ክፍያው በየጊዜው የሚከፈል ስለሆነ ከመጀመር በፊት ቀጣዩን ዓመት ማን እንደሚከፍል ኮሚቴው ይወስን። አብዛኞቹ መጻሕፍታችሁ የውጭ ቋንቋ ከሆኑ ይህን እመርጣለሁ። አብዛኞቹ አማርኛ ከሆኑ ግን 20ውን የሙከራ መጻሕፍት አስገብታችሁ «ጸሎት» ብላችሁ ፈልጉ፤ «የጸሎት»ን ማሳየት አለማሳየቱን አይታችሁ ወስኑ።

ሦስተኛው ኮሃ ነው። በኒው ዚላንድ ተሠርቶ በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ፣ ዛሬ በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። ስጦታነቱ እውነት ነው። ፈረሱ በነጻ ቢገኝም ገብሱ ግን በየዕለቱ ነው፦ ሊነክስ የተባለው ነጻ ሥርዓት የሚሠራበት ሰርቨር (ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ኮምፒውተር)፣ የሚያድሰው ሰው፣ ሲቆም የሚያስነሣው ባለሙያ ይፈልጋል። በማኅበራችሁ ውስጥ ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ከሌሉ አትጀምሩት። አንድ ብቻ ካለ እርሱ ወደ ሌላ አገር የሚሄድበትን ቀን አስቡ።

የራስ ድረ ገጽ ስም መግዛት ግዴታ አይደለም። ረጅሙን ሊንክ ወደ ኪውአር ኮድ ለውጣችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በርና በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉ፤ ምእመናን በሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ላይም ከላይ ይሰካ።

የማይወጣው

ማን ምን እንደተዋሰ ኢንተርኔት ላይ አይውጣ። አንድ ሰው ስለ ኀዘን፣ ስለ ሱስ ወይም ስለ ፍቺ የሚያነበው መጽሐፍ ከእርሱና ከነፍስ አባቱ ወይም ከመጋቢው ሌላ ማንንም አይመለከትም። የውሰት መዝገቡ በሌላ ፋይል ይሁን፤ በካታሎጉ ላይ «ወጥቷል» የሚል ቃል ብቻ ይበቃል። የሰጪ ስምም ያለ ፈቃድ አይጻፍ።

ብርቅ ወይም ጥንታዊ መጽሐፍ ካለ፣ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ለዓለም አይነገር፤ እንዲያውም ከሕዝቡ ዝርዝር ጭራሽ ቢቀር ይሻላል። የመጽሐፉን ሙሉ ይዘት ፎቶ እያነሡ መጫን ደግሞ የካታሎግ ሥራ አይደለም፤ የደራሲውን መብት መንካት ነው።

ከወጣ በኋላ

ሊንኩን ለሁሉም ከመላካችሁ በፊት አንድ የሰባ ዓመት እናትና አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በየራሳቸው ስልክ አንድ መጽሐፍ እንዲፈልጉ ጠይቁ፤ እናንተ አጠገባቸው ዝም ብላችሁ ቁሙ። የት ላይ እንደሚቆሙ ማየት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። እኛ ዘንድ ሁለቱም ያስቸገራቸው አንድ ነገር ነበር፦ «መደብ» የሚለው ቃል። «የመጽሐፉ ዓይነት» ብለን ቀየርነው።

በወር አንድ ጊዜ ሙሉው ሰንጠረዥ በሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 ይውረድ፤ አንዱ ቅጂ በፍላሽ ተቀድቶ በቢሮ፣ ሌላው በአንድ አገልጋይ ቤት ይቀመጥ። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑ ይጻፍ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ቁጥር ሳያገኝና ሳይመዘገብ መደርደሪያ ላይ አይወጣ፤ «ነገ እመዘግበዋለሁ» የተባለው መጽሐፍ ነገ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ አሥር መጻሕፍት ከካታሎጉ መርጣችሁ በመደርደሪያው ላይ ፈልጉ፤ አሥር ደግሞ ከመደርደሪያው አንሥታችሁ በካታሎጉ ላይ ፈልጉ። ከ20ው አንድ ቢጎድል ያንኑ አስተካክሉ፤ ሦስት ከጎደሉ በሩን ለአንድ ሳምንት ዘግታችሁ ሁሉንም ቁጠሩ።